ከአፈር በታች የማይበሰብስ ቆሻሻ፦ የተቀበረ አስቤስቶስ ስጋቱ እንዴት ይመዘናል?

ደብረ ብርሃን፦ ፍግ ይበሰብሳል፤ ገለባ ይበሰብሳል፤ የወደቀ ግንድም ጊዜውን ጠብቆ አፈር ይሆናል። አስቤስቶስ ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ማዕድን በመሆኑ ምስጥ አይበላውም፤ በተራ እሳት አይቃጠልም፤ ለብዙ ዓመታት ተቀብሮ ቢቆይም በተቆፈረ ጊዜ የሚገኘው እንደተቀበረበት ቀን ሆኖ ነው። በዚህም ምክንያት አስቤስቶስ የተቀበረበት ሥፍራ ደኅንነት የሚያርፈው በላዩ በተደለደለው አፈር ላይ ነው። አፈሩ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይታጠባል፣ ይታረሳል፣ ይቆፈራል።

ይህ ጉዳይ ለሰሜን ሸዋ ሩቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችንና አዳዲስ ነዋሪዎችን እየተቀበለች በፍጥነት የምትሰፋ ከተማ ናት። ትናንት ገብስ ይዘራበት የነበረው ማሳ ዛሬ መንደር ሆኗል። በሚሰፋ ከተማ ሁሉ አሮጌ ቤቶችና መጋዘኖች ይፈርሳሉ፤ ፍርስራሹ ወደ ቦረቦር ወይም ወደተተወ የድንጋይ ካባ ይጋዛል፤ አፈር ይለብሳል፤ ሣር ይበቅልበታል። ከ20 ዓመት በኋላ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከፍርስራሹ መካከል የአስቤስቶስ ክዳን ወይም ቧንቧ ካለበት፣ ያ የተረሳ ጉብታ ለእረኛውም፣ ቦታ ተመርቶ መሠረት ለሚያስቆፍረውም ሰው ጥያቄ ይዞ ይጠብቃል።

አስቤስቶስ ቃጫ መሰል ክሮች ላሏቸው ስድስት የተፈጥሮ ማዕድናት የተሰጠ የወል ስም ነው። ነጩ፣ ቡናማውና ሰማያዊው በንግድ ዓለም ይበልጥ የታወቁት ናቸው። እሳትን፣ አሲድንና መበጠስን ስለሚቋቋም በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተአምረኛ ቁስ ይታይ ነበር። ከሲሚንቶ ጋር እየተለወሰ የጣሪያ ክዳን፣ የግድግዳ ሰሌዳና የውኃ ቧንቧ ተሠርቶበታል። የፋብሪካ ቦይለሮችና የእንፋሎት ቱቦዎች ሙቀት እንዳያባክኑ ተጠቅልለውበታል። የተሽከርካሪ የፍሬን ሸራም ለረጅም ጊዜ ከእርሱ ይሠራ ነበር። የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚያውቅ የከባድ መኪና አሽከርካሪ የፍሬን ሸራ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ አይጠፋውም፤ የተበላው ሸራ ግን ዱቄት ሆኖ መንገድ ላይና ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

ጉዳቱ የሚመጣው በመተንፈስ ነው። ቁሱ ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ፣ በዓይን የማይታዩ ቃጫዎች ይለቃል። ቃጫዎቹ ቀላል በመሆናቸው አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ፤ ወደ ሳንባ ጥልቀት ከገቡም ሰውነት በቀላሉ ሊያስወግዳቸው አይችልም። የሳንባ ጠባሳ የሆነው አስቤስቶሲስ፣ የሳንባ ካንሰር እንዲሁም የሳንባንና የሆድን ሽፋን የሚያጠቃው ሜሶቴሊዮማ የተባለው ካንሰር ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ያስታውቃል፤ በሥራ ቦታ በሚደርስ ተጋላጭነት ብቻ በዓመት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሚሞቱም ይገምታል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ የሳንባ ካንሰሩ ስጋት በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው በሽታው የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው። በልጅነቱ ጉብታ ላይ የተጫወተ ሰው የሚታመመው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። የተበከለ ውኃ የጠጣ ከብት በሳምንቱ ይታመም ይሆናል፤ ባለቤቱም ምክንያቱን ይጠረጥራል። አስቤስቶስ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ሽታ የለውም፣ አያሳክክም፣ ወዲያው አያስልም። ስለዚህ ሰው እስኪታመም ጠብቆ ከመመርመር ይልቅ መሬቱን ቀድሞ መመርመር ግድ ይላል።

በአንጻሩ ሳይሰበርና ሳይፈረፈር ጣሪያ ላይ ያለ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ክዳን በድንጋጤ የሚወርድ ነገር አይደለም። ከክብደቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አስቤስቶስ በሲሚንቶው ተይዟል። እያረጀ ሲሄድ፣ በመዶሻ ሲመታ፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ወይም ተሽከርካሪ ሲሄድበት ግን ይለቃል። ይህ ልዩነት የተቀበረ ቆሻሻ ሲመዘንም የመጀመሪያው ጥያቄ ይሆናል፦ የተቀበረው ደረቅና ሙሉ ሰሌዳ ነው ወይስ በእጅ ሲጨበጥ ዱቄት የሚሆን የቦይለር መጠቅለያ? ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው።

ምንጭ፣ መንገድና ተጋላጭ

የአካባቢ ባለሙያዎች የስጋት ምዘና ሲያካሂዱ ሦስት ነገሮችን ይፈልጋሉ። አንደኛው የጉዳቱ ምንጭ ነው፤ ሁለተኛው ጉዳቱ ከምንጩ የሚጓዝበት መንገድ ነው፤ ሦስተኛው በመንገዱ ጫፍ ያለው ሰው፣ እንስሳ ወይም ውኃ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ስጋት አለ አይባልም። ምንጩ መርዛማ ቢሆንም መንገዱ ከተዘጋ ጉዳት አይደርስም። አፈር የመሸፈን ሥራ ዓላማውም ይኸው ነው፤ ምንጩን አያጠፋም፣ መንገዱን ይዘጋል።

መንገዱ እንደ ቆሻሻው ዓይነት ይለያያል። ለዚህ አገር የሚያውቀው መራራ ምሳሌ የአዲስ አበባው ቆሼ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲቆለልበት የኖረው ይህ ሥፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚያ ዓይነት ክምር ውስጥ የሚበሰብሰው ቆሻሻ ጋዝ ያመነጫል፤ ዝናብ የሚያጥበው ፍሳሽ ወደ ወንዝና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል፤ ክምሩም ከዓመት ዓመት ይሰምጣል። ከአደጋው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ፉኩኦካ በተባለው ዘዴ ክምሩን የማረጋጋት ሥራ ተሠርቷል፤ ዘዴው ተዳፋቱን ማለዘብን፣ ፍሳሹንና ጋዙን በቱቦ ማስወጣትን ያጣምራል።

አስቤስቶስ ብቻውን ሲቀበር ጋዝ አያመነጭም፤ በውኃም አይሟሟም። አፈር ውስጥ ያለ ቃጫ በአብዛኛው እዚያው ተጣርቶ ስለሚቀር ከጉድጓዱ ወርዶ የምንጭ ውኃን የመበከል ዕድሉ ከሌሎች ቆሻሻዎች ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚገኝ አስቤስቶስ በጤና ላይ ጉዳት ለማድረሱ ወጥ የሆነ ማስረጃ ባለመኖሩ ለውኃ የተለየ የመጠን ገደብ አላስቀመጠም። ዋናው መንገድ አየር ነው። ይህ ማለት ግን ውኃ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ጎርፍ ሽፋኑን ሲቦረቡር የተቀበረውን ይገልጣል፤ ቃጫውን ከደለል ጋር ተሸክሞ ወንዝ ዳር ይጥለዋል። ደለሉ በበጋ ሲደርቅ ነፋስ ያነሣዋል። በበሬሳ ወንዝ ዳር በመስኖ አትክልት የሚያለማ አርሶ አደር የላይኛው ተፋሰስ ምን እንደተሸከመ የማወቅ ጥቅም አለው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቤስቶሱ ከቤት ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ከተቀበረ ደግሞ የሁለቱ ችግር ይደራረባል። የሚበሰብሰው ክፍል ሲሰምጥ በላዩ ያለው ሽፋን ይጎደጉዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ያቁራል፤ የማይበሰብሰው አስቤስቶስም ወደ ላይ ቀርቦ ይገኛል።

ሽፋኑና የሰሜን ሸዋ መሬት

ስለ ሽፋን የሚነገረው አብዛኛው መመሪያ የተጻፈው በሌላ አፈርና በሌላ አየር ጠባይ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው ሜዳ ሰፊው ክፍል ዋልካ፣ በሌላ አጠራሩ መረሬ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ስለሚያብጥና ውኃ ስለማያሳልፍ ለመሸፈኛ የተመቸ ይመስላል፤ ክረምት ላይ ያየው መሐንዲስም ሊወደው ይችላል። ይኸው አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ስንጥቅ እንደሚያወጣ ግን ማሳው ላይ የቆመ አርሶ አደር ሁሉ ያውቃል። 60 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋልካ ሽፋን በሚያዝያ ተሰንጥቆ ሲታይ ከላይ እስከ ታች ክፍት በር ነው።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ጠባይ አለው። የዋልካ መሬት ድንጋይ «ያበቅላል» ሲባል ይሰማል። ባለ ማሳው ዘንድሮ ለቅሞ ያወጣውን ድንጋይ በሚቀጥሉት ዓመታት እንደገና ያገኘዋል። ምክንያቱ የአፈሩ ማበጥና መኮማተር ነው፤ በስንጥቁ የገባው ልቅ አፈር ከታች ሲያብጥ በዙሪያው ያለውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጠንካራ ስባሪዎችም ቀስ በቀስ ወደ ገጹ ይወጣሉ። ድንጋይን የሚገፋ ኃይል የአስቤስቶስ ሰሌዳ ስባሪንም ይገፋል። ስለዚህ በዋልካ መሬት ላይ ዋልካን ብቻ ከምሮ «ተሸፍኗል» ማለት ለጥቂት ዓመታት የሚሆን መልስ ነው። የተሻለው ከቆሻሻው በላይ ጂኦቴክስታይል የተባለውን ጠንካራ ጨርቅ ማንጠፍ፣ በላዩ የማያብጥ ጠጠራማ ወይም ቀይ አፈር መደልደል፣ ከዚያ በኋላ ሣር ማልበስ ነው። ጨርቁ ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ ወደፊት የሚቆፍር ሰው ከአካፋው ጫፍ ላይ ባልተለመደ ቀለም ሲያገኘው እንዲቆም ያስጠነቅቀዋል።

የአየር ጠባዩም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ላይ ተጨናንቆ ይወርዳል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይጥላል፤ ከዚያ ደረቅና ነፋሻ ወራት ይከተላሉ። ውርጩ የላይኛውን አፈር እያላላ ሣሩን ያደርቃል፤ ነፋሱ የላላውን ይጠርጋል፤ ክረምቱ ሲመጣ ባዶ የቀረውን ገጽ ያጥባል። ለአስቤስቶስ ሽፋን ክፉው ወቅት ብዙዎች እንደሚገምቱት ክረምት ብቻ አይደለም። ክረምት መሬቱን ይጎዳል፤ ቃጫው የሚነሣው ግን በበጋ ነው።

አንኮበር ሌላ መልክ አላት። ከደጋው ጫፍ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርደው መሬት እጅግ ተዳፋት ነው፤ ከደብረ ብርሃን በኩል ያለው ውኃ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ከአንኮበር ሸንተረር በስተምሥራቅ ያለው ወደ ቆላ ይወርዳል። በዚህ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ መሬት እንደሚንሸራተት የታወቀ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይንና ሾተል አምባ በተባሉ ሥፍራዎች የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤቶችን አውድሞ በርካታ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማፈራረሱ በታሪክ ተመዝግቧል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው የተደጋገመው ንዝረትም በደጋው ሳይቀር ተሰምቷል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሽፋን ሲመዘን ከውፍረቱ በፊት የሚጠየቀው ከሥሩ ያለው ተዳፋት ይቆማል ወይ የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ሥፍራዎች አሉ እንበል። አንዱ ደብረ ብርሃን ዳርቻ ባለ ሜዳ ላይ በ60 ሴንቲ ሜትር ዋልካ የተሸፈነ፣ ከብት የሚግጥበት፣ ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት ቤቶች ያሉበት ነው። ሌላው በአንኮበር ተዳፋት ላይ በአንድ ሜትር ቀይ አፈር የተሸፈነ፣ ከሥሩ ቦረቦር ያለበት፣ በአቅራቢያው ሰው የማይኖርበት ነው። በመጀመሪያ እይታ ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፤ ሽፋኑ ወፍራም ነው፣ ሰውም የለም። መዛኙ ግን ሁለቱን በተለያየ ሚዛን ያያቸዋል። የመጀመሪያው ስጋት ትንሽ ቢሆንም በየቀኑ የሚደጋገም ነው፤ በየበጋው ጥቂት ቃጫ፣ በየዓመቱ ጥቂት ስባሪ። የሁለተኛው ለዓመታት ምንም ላይሆን ይችላል፤ በአንድ ከባድ ክረምት ግን ሁሉም ተንዶ በታች ባሉ ማሳዎችና ጅረቶች ላይ ሊበተን ይችላል። የመጀመሪያውን በተሻለ አፈር፣ በአጥርና በክትትል መጠገን ይቻላል። ሁለተኛው ላይ አፈር መጨመር ተዳፋቱን ይበልጥ ስለሚያከብደው መፍትሔ አይሆንም። እንዲህ ያለ ክምር መጀመሪያውኑ እዚያ መጣል አልነበረበትም፤ በባለሙያ ተነሥቶ ወደ ተረጋጋ ሥፍራ መዛወሩ የሚታሰበውም ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ማንሳት ግን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። የተረጋጋን ክምር መቆፈር በአፈር ታስሮ የነበረውን ቃጫ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው፤ ቆፋሪውን፣ ጫኙንና በመንገዱ ያለውን መንደር ያጋልጣል። በብዙ አገሮች የተቀበረው እዚያው እንዲቆይና ሽፋኑ እንዲጠበቅ የሚወሰነው ከዚህ የተነሣ ነው።

መዛኙ ምን ያደርጋል?

ሥራው የሚጀምረው ከመሣሪያ በፊት በሰው ነው። ሥፍራው መቼ ተከፈተ፣ ማን ጣለበት፣ ከየትኛው ሕንፃ መጣ የሚለውን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኞችና የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ናቸው። የድሮ የአየር ፎቶዎችና የማዘጋጃ ቤት መዝገቦች ቀጥለው ይመጣሉ። ከዚያም በእግር መዞር አለ። ልምድ ያለው ሰው ስንጥቁን፣ የሰመጠውን ጎድጓዳ፣ በጠርዙ የጀመረውን ቦይ፣ ከብት ያበጀውን መንገድ፣ ፍልፈል የከመረውን አፈር ይመዘግባል። ፍልፈል ያወጣው ክምር ነጻ የአፈር ናሙና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከታች ያለውን ወደ ላይ አምጥቶ ያሳያልና። በጉብታው ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍም ይመዘገባል፤ ሥሩ ሽፋኑን ይበሳል፤ ነፋስ ሲነቅለው ከነአፈሩ ጉድጓድ ያወጣል።

ቀጥሎ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ቁጥር አለ። በብሪታንያ በላቦራቶሪ የተደረገ ሙከራ በክብደቱ 0.001 በመቶ ብቻ አስቤስቶስ ያለበት ደረቅ አፈር ሲቦን በአንድ ሚሊ ሊትር አየር ውስጥ ከ0.1 በላይ ቃጫ ሊያወጣ እንደሚችል አሳይቷል። 0.1 በብዙ አገሮች ለሠራተኞች የተቀመጠው ጣሪያ ነው። በገበያ ቋንቋ ሲመነዘር፣ በአንድ ኩንታል አፈር ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። በዓይን አይቶ «ንጹሕ ነው» ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ግን ያው አንድ ግራም ምንም ላያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ የአፈር ምርመራ ብቻውን አይበቃም። የአየር ናሙና የሚወሰደው በማጣሪያ ወረቀት ውስጥ አየር በሚስብ ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የቀሩት ቃጫዎች በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። ፀጥ ባለ ቀን፣ በረጠበ መሬት ላይ የተወሰደ ናሙና ደግሞ ሐሰተኛ መጽናኛ ይሰጣል። በአሜሪካ የሚሠራበት ዘዴ ከዚህ የተለየ ነው። መዛኞቹ ሙሉ መከላከያ ለብሰው፣ ፓምፑን ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ሰዎች በቦታው የሚሠሩትን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ይቆፍራሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ በደረቅ መሬት ላይ ይመላለሳሉ። ዘዴው ወደ ሰሜን ሸዋ ቢመጣ የሚለካው ሌላ ይሆናል፦ በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ኩበት መልቀም፣ ለምርጊት አፈር መቆፈር፣ መንጋ መንዳት። በሬ የሚጎትተው ማረሻ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገባል፤ ለአንድ ዓመት 60 ሴንቲ ሜትር ሽፋንን አይነካም። በተዳፋት ላይ በየዓመቱ እየታረሰ የሚታጠብ አፈር ግን ሽፋኑን ከላይ ያሳሳዋል፤ ትራክተር ሲመጣ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል።

በሌሎች አገሮች የታየው ይህን ያጠናክራል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ አምብለር በተባለች ከተማ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት ያወጣው ተረፈ ምርት ነጭ ኮረብታ ሠርቶ ነበር፤ ሕፃናት ይንሸራተቱበት ነበር። ኋላ ላይ ከሥፍራው አንዱ ክፍል በጨርቅና ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚሆን ንጹሕ አፈር ተሸፍኗል፤ ብዙ ድካም የጠየቀው ግን አጠገቡ የሚያልፈው ጅረት ዳርቻውን እንዳይበላው ማጠናከሩ ነው። በደቡብ አፍሪካ የሰሜን ኬፕ የማዕድን ማውጫ ክምሮች አፈርና ሣር ቢለብሱም፣ ለቤት ጡብና ለመንገድ የተወሰደው ተረፈ ምርት በየመንደሩ ተበትኖ ቀርቷል። ያች አገር አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ክምሩን ማግኘት ቀላል ነው፤ ከክምሩ በጋሪና በአህያ የተወሰደውን ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ኃላፊው ማን ነው?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የማስወገጃ ሥፍራ ባለቤት በሥራ ላይ ሳለም ሆነ ሥፍራው ከተዘጋ በኋላ ለሚደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ እንደሚሆን አስቀምጧል። «ከተዘጋ በኋላ» የሚሉት ቃላት ለተሸፈነ ሥፍራ ዋጋቸው ትልቅ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ አደገኛ ቆሻሻን ለይቶ የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090 ወጥቷል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሮተርዳም ስምምነት ሰማያዊውንና ቡናማውን አስቤስቶስ በንግድ ቁጥጥር ዝርዝሩ አካትቷል፤ ነጩን ለመጨመር የቀረበው ሐሳብ በጥቂት አገሮች ተቃውሞ በተደጋጋሚ ወድቋል።

ሕግ ቢኖርም ሥፍራው ካልተመዘገበ አይሠራም። ሽፋኑ የተሠራበት ዓመት፣ ውፍረቱ፣ ከሥሩ ያለው ነገር በወረዳው የመሬት መዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ መሬቱ በድልድል፣ በኪራይ ወይም በሊዝ እጅ ሲለውጥ እውቀቱ አብሮ አይተላለፍም። ለአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ ለከተማ ነዋሪው የቦታ ካርታ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ቢይዝ የመሬቱን ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ሥራው የሚዘገየውም በከፊል ለዚህ ነው።

ነዋሪን ሳያማክሩ የሚሠራ ምዘና ምን እንደሚገጥመው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ታይቷል። ቆሼን እንዲተካ በሰንዳፋ የተሠራው ዘመናዊ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች ውኃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ በሚል ባሰሙት ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆሟል። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ ቆሼ የተናደው በቀጣዩ ዓመት ነው። በሰንዳፋ የተነጠፈው ዘመናዊ ንጣፍ የአርሶ አደሩን እምነት ሊተካ አልቻለም።

ጥርጣሬ ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

ግራጫ፣ ጠንካራ፣ ጠርዙ ላይ ቃጫ የሚታይበት የሰሌዳ ወይም የቧንቧ ስባሪ በማሳ ወይም በግቢ ሲገኝ በዓይን ብቻ አስቤስቶስ ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም፤ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደሆነ መቁጠር ይሻላል። መስበር፣ መፍጨት፣ በደረቁ መጥረግ አይገባም። ውኃ ማርከፍከፍ፣ በእርጥብ አፈር ወይም በላስቲክ መሸፈን፣ ልጆችንና ከብቶችን ማራቅ፣ ለቀበሌው ወይም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ተገቢ ነው። ነጠላ ወይም ሻሽ አፍንጫ ላይ መጠምጠም ይህን ያህል ቀጭን ቃጫ አያግድም። አቧራ የነካው ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር ሳይቀላቀል ሳይራገፍ በውኃ ይነከር። የጋራዥ ሠራተኞችም የፍሬን አቧራን በኮምፕሬሰር አየር ከመንፋት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ቢያነሡት ከአየሩ ያድናሉ።

ክዳን ወይም ቧንቧ ስባሪን ለዶሮ ቤት፣ ለአጥር ወይም ለምድጃ መደገፊያ መውሰድ የተለመደ ቁጠባ ነው። ከዚህ ቁስ ግን የሚተርፈው ትርፍ ትንሽ ነው፤ ምድጃ ዳር ያለ ሰሌዳ ሙቀት ሲፈራረቅበት ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል።

በተሸፈነ ሥፍራ አጠገብ ለሚኖሩ ደግሞ ዓመቱ ሁለት የመመልከቻ ጊዜዎች አሉት። አንዱ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዋልካው በጣም ተሰንጥቆ ሳለ ከዋናው ዝናብ በፊት ነው፤ ስንጥቁ በማያብጥ አፈር የሚሞላው፣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦዩ የሚጠረገው ያኔ ነው። ሌላው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም ነው፤ የተቦረቦረው ጠርዝ፣ ውኃ የያዘው ጎድጓዳ፣ ወደ ገጹ የወጣው ስባሪ ሣሩ ሳይደርቅና ነፋሱ ሳይነሣ የሚታየው በዚያ ወር ነው። ውርጩ ከጥቅምት ስለሚጀምር፣ ባዶ የቀረው ቦታ ላይ ሰርዶ ተተክሎ ሥር እንዲይዝ የሚቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው።